የአምፖሉ ምክርና የሰላ ድንጋይ ምድጃ

ሰሞኑን ቤተሰብ ከነልጆቹ እንዴት ኃይል መቆጠብ እንደሚችል የሚመክር የሬዲዮ ዝግጅት ሰማሁ። ምክሩ የለመድነው ነው። ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ፣ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ልጆቻችሁንም አስለምዱ። ክፉ ምክር አይደለም። ግን ያደግሁበትን የሰላ ድንጋይ ቤት እያሰብኩ ሳዳምጥ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር አንዱም የእህቴን ማጀት እንደማይነካ ታየኝ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ኃይል ቆጣቢው አምፖል 9 ዋት ገደማ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላው ያንን አምፖል ወደ 390 ሰዓት ያበራዋል። ማታ ማታ አራት ሰዓት ለሚያጠና ልጅ ከሦስት ወር በላይ ማለት ነው። ልጁን ስለ አምፖሉ የምንቆጣው እኛው፣ ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣዱን ሰክተን ጎረቤት ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን! ታሪፉ እንደሆነ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ኤሌክትሪክ ያለው ቤት በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንድ ጊዜ አጠራቅሞ ቢጋግር፣ የመጨረሻዋን እንጀራ ሶኬቱን ነቅሎ በቀረው ትኩሳት ቢያወጣ፣ ከማንኛውም የአምፖል ቁጥጥር የበለጠ ያተርፋል። የከተማው ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሰላ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው ያደረጉት ጥንታዊ ከተማ ነው፤ ያኔ የነበረው ሦስት ጉልቻ ግን ዛሬም በብዙ ቤት አለ። የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ከግድቡ እስከ እህቴ ምጣድ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። አምፖል አላት። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ሰው ሲጋግር ኃይሉ ይደክምና አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይሆናል። በዚህ ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው ሊጡን ማበላሸት የፈለገ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልቻው አልተነቀለም።

ጉልቻው የሚበላው ምንድን ነው? ባሕር ዛፍ፣ ጭራሮና ኩበት። ኩበቱን አስቡት። ከብቱ ማሳ ላይ በልቶ የጣለው እበት ተጠፍጥፎ፣ በበጋ ደርቆ፣ ክረምቱን ሙሉ ይነዳል። ፍግ ሆኖ ወደ ገብሱና ወደ ባቄላው መመለስ የነበረበት ጭስ ሆኖ በጣራ ይወጣል። ከዚያ ገበሬው ማዳበሪያ ተወደደ ብሎ ያማርራል፤ እውነቱን ነው፣ ተወዷል። ግን የራሱን ማዳበሪያ በየቀኑ ምጣድ ሥር እያነደደው ነው። ሌላ ማገዶ ስለሌለው እንጂ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

ልጆቹስ? እበት የምትለቅመው፣ ጭራሮ የምትሸከመው በአብዛኛው ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ኳስ ይጫወታል (እኔም ስጫወት ነበር፣ አልዋሽም)። እናት ስትጋግር ደግሞ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፤ የምትስበውን ጭስ እኩል ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የሚያድጉ ሕፃናት በሳምባ ምች የመያዝ አደጋቸው ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ይናገራል። በአገሬው ቋንቋ ይህ «ብርድ መታው» ይባላል።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ምርጥ የሚባለው፣ በሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። በኋላ በኩል በሚወጣው ትኩሳት ላይ ድስት ይጣዳል፤ ለልጆች ገላ የሚሆን ውኃ ሌላ እሳት ሳይነድ ይሞቃል። ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም? ባለሙያዎች «የግንዛቤ እጥረት» ይሉታል። በዚህ ቃል አልስማማም። እህቴን ስጠይቃት የመለሰችልኝ ሌላ ነው። «እሳቱን ይደብቀዋል፤ ልጆቹ በምን ይሞቃሉ?» አለችኝ። የሰላ ድንጋይን የኅዳር ውርጭ የማያውቅ ይህ ጥያቄ አይገባውም። እዚያ እሳት ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ማሞቂያም፣ መብራትም፣ ልጆች ተሰብስበው ቆሎ የሚበሉበት ቦታም ነው። ምድጃ የሚያስተዋውቅ ሰው ሙቀቱን ወስዶ ምትክ ካልሰጠ፣ እናት ምድጃውን ገዝታም ቢሆን ጎን ለጎን ጉልቻዋን ታነዳለች። ያኔ ቁጠባው የት አለ?

ምትኩ ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። የመንዝ በግ ጠጉር አጠገባችን ነው። ባናና ዝተት የሚሠሩ እጆች አሁንም አሉ፤ በርኖስ የአባቶቻችን መከላከያ ነበር። ግማሽ የቀነሰ ማገዶ የሚያተርፈው ገንዘብ ለልጆች አንድ ባና ይግዛ፣ የበሩ ስንጥቅ ይለሰን። ባቄላና ምስር ማታ ይዘፍዘፍ፣ ድስት ክዳን ይኑረው። ይህን አያቶቻችን ያውቁታል፤ ባለሙያ አያስፈልገውም።

የምድጃው ዋጋ ግን ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ ይከብዳል። እዚህ ላይ የወረዳን በጀት ወይም ፕሮጀክት መጠበቅ የለብንም ባይ ነኝ፤ ፕሮጀክት መጥቶ ሲሄድ አይተናል። ዕቁብ አለን። ዐሥራ ሁለት ሴቶች በየወሩ አዋጥተው በየዙሩ ለአንዷ ምድጃ ቢገዙ፣ በዓመት ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቤት ይሞላል። ባሎችም ለጠላው የማያንሰውን ያህል ያዋጡ። ከከተማ ለበዓል የምንሄድ ሰዎች ደግሞ ስኳርና ዘይት ከምንሸከም የአንድ ወር ድርሻ እንክፈል።

ይህን ሐሳብ ለእህቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። ስምንት ሴት አግኝታለች፤ አራት ይቀራታል። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም። እሷ ትንሽ ልጅ ያላት ትቅደም ትላለች፤ ሌሎቹ ግን ዕጣ ዕጣ ነው ባይ ናቸው።