ሥራ በችሎታ እንጂ በሻሽ አይመዘንም



ፓርቲያችን ይህን ማኒፌስቶ ከማዘጋጀቱ በፊት በየከተማው ከነዋሪው ጋር ተቀምጦ መክሯል። ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ሰምተናል። ደባርቅ ላይ ግን ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዲት ወጣት ከኋላ ወንበር ተነሥታ የተናገረችው ከሁሉም ይልቅ አሳስቦናል። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ ለገንዘብ ተቀባይነት አመልክታ ነበር። ፈተናውን አልፋ ለቅጥር ስትቀርብ “ሻሽሽን አውልቀሽ መሥራት ትችያለሽ?” ተባለች። እንደማትችል ስትናገር “ደንበኛ ቅር ይለዋል፤ ለማንኛውም እንደውልልሻለን” ብለው ሸኟት። የደወለላት የለም። “ሃይማኖትሽ ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ቢሉኝማ እከሳቸው ነበር” አለችን።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአደባባይ “ሙስሊም አልቀጥርም” የሚል አሠሪ እምብዛም አይገኝም። አድልዎው ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። አንዱ በደንበኛ፣ ሌላው በደንብ ልብስ፣ ሌላው ጆሮ በሚያሳይ ጉርድ ፎቶግራፍ ያሳብባል። የሚጎዳው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ሻሽ የምታስር ሴት። ወንድሟ በዚያው ማመልከቻ ቢቀርብ ሃይማኖቱ ከላይ አይታይበትምና ያልፋል። እሷ በሴትነቷም በእምነቷም ሁለት ጊዜ ትመዘናለች።

ለክርስቲያን ወገኖቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ልጃችሁ ሥራ ልትቀጠር ሄዳ “ማተብሽን በጥሺና ግቢ” ብትባል ምን ይሰማችኋል? በስሜን ማተብ መበጠስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻንም። ለሙስሊሟ እኅታችንም ሻሿ እንዲሁ ነው።

ይህ በደል ትናንት የጀመረ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ትእዛዝ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው በአዲስ ዓለም እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ርስት ተከልክለው ስለኖሩም ብዙዎቹ በንግድና በሽመና ተሰማሩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ “እነሱ ሥራቸው ንግድ ነው” ተባሉ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሹመት የነበራቸው ሙስሊሞች ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። እንጀራን በእምነት የማስለወጥ ልማድ ሥሩ ይህን ያህል ጥልቅ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላም ታሪክ አለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆኑ። አገር ለመፍረስ እኩልነትን ምክንያት አላደረገችም። ይልቁንም በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሰው ሕይወት ሲጠፋ እንዳየነው፣ አገርን የሚያደማው ጎረቤትን እንደ ባዕድ ማየት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ መንደር ከ2,500 የማያንሱ ወገኖቻችን ተነሥተዋል፤ የግጭ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው ይኖሩ የነበሩ እናቶችና ልጆቻቸው ደባርቅ ከተማ አጠገብ ሰፍረው የቅጥር ሥራ ፈላጊ ሆኑ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ የቱሪስቱን እንጀራ አደቀቀው። መሬቱ በተወሰደበትና ሥራው ባነሰበት ከተማ የቅጥርን በር በሻሽ ምክንያት መዝጋት ቤተሰብን ማስራብ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን በግልም በይፋም የመግለጽ መብትን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። በአንቀጽ 26 መሠረት ሃይማኖትም ሆነ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት አይሆንም። በዚህ ምክንያት የተሰናበተች ሴት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለውን ክሷን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለባት፤ ይህን ቀን አታሳልፉ።

ክፍተቱ ያለው በበሩ ላይ ነው። አዋጁ “ሠራተኛ” የሚለው የቅጥር ግንኙነት ያለውን ሰው ነው። ከበር የተመለሰችው ግን ገና ሠራተኛ አልሆነችም። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ሥራ የማግኘት ዕድልን ጭምር ይጠብቃል፤ የአገር ውስጥ ሕጋችን ግን ይህን በግልጽ አላስከተለም። በአሜሪካ ሳማንታ ኢላውፍ የተባለች ሙስሊም ወጣት በሻሿ ምክንያት በልብስ መደብር ሳትቀጠር ቀርታ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 እ.ኤ.አ. 8 ዳኞች ከ9ኙ ለእሷ ወገን ፈርደዋል። አሠሪው ሻሿን ላለመቀበል ብሎ ከቀጣሪነት ከሸሸ፣ ምክንያቱን በአፉ አለመናገሩ አያድነውም ማለት ነው።

“የእኛ ደንበኛ ከሙስሊም እጅ አይበላም” የሚሉ የምግብ ቤት ባለቤቶች አሉ። የእርድን ልዩነት እናከብራለን፤ ሥጋ አራጅ ሲቀጠር ሥራው ራሱ የሚጠይቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ለሒሳብ ተቀባይ፣ ለአልጋ አንጣፊ፣ ለሻይ አፍይ፣ ለአስጎብኚ እርድ ምን አገባው?

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል።

1. የአዋጁ ጥበቃ ሥራ ፈላጊንም እንዲጨምር የማሻሻያ ረቂቅ እናቀርባለን።

2. ፈተና አልፋ ያልተቀጠረች አመልካች ስትጠይቅ አሠሪው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ስለ ሻሿ መጠየቋን ካሳየች ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው እንዲዞር እናደርጋለን።

3. ከደንብ ልብሱ ጋር በቀለም የሚስማማ ሻሽ መልበስ የተፈቀደ መሆኑ በየማስታወቂያው እንዲጻፍ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንጀምራለን።

4. ለአንድ አቤቱታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር መውረድ እንዲቀር፣ በደባርቅና በዳባት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ እንከፍታለን።

እኛም ከዚህ ጉድለት ነፃ ነን አንልም። በኮሚቴዎቻችን ውስጥ ሻሽ ያሰሩ እኅቶች ጥቂት ናቸው፤ ይህን ማረም ከራሳችን ቤት ይጀምራል። ፓርቲያችን የሃይማኖት ፓርቲ አይደለም፤ የሙስሊሙን መብት የምንጠብቀው የክርስቲያኑን በምንጠብቅበት በዚያው ሕግ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፣ ያቺ ወጣት አሁንም ስልኳ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ድምፃችሁን ስትሰጡ እሷን አስቡ!