ሱስ ነው ወይስ መሄጃ ማጣት? ከአዋሽ እስከ ሰመራ

«የዘመኑ ልጅ ስልክ ላይ ተጣብቆ ቀረ» ሲባል ያልሰማ የለም። ይህንንም የምታነቡት በስልክ ነው፣ እኔም የጻፍኩት በስልክ ነው፤ ስለዚህ አንሸዋወድ። ግን ወቀሳው የሚዘለው ጥያቄ አለ፦ ስልኩን ያስቀመጠ ልጅ ወዴት ይሂድ?

ሰመራን እንውሰድ። የአፋር ክልል ዋና ከተማነትን ከአሳይታ የተረከበች፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ደግሞ እዚያ ያለው ከቤተሰቡ ርቆ ነው፦ ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አዳሩን መኪናው ውስጥ ያደረገ የጅቡቲ መስመር ሹፌር። ቀትር ላይ መንገዱ ጭር ይላል። ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ ፀሐይ እስክትበርድ የሚጠብቅ ሰው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎም የራሷ ታሪክ አላት። በድሮው ባቡር ዘመን የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መንገደኛ እዚያ ወርዶ ይበላ፣ ከከተማው ሰው ጋር ያወራ ነበር። አሁን ጭነቱም ሰውም በብዛት ያልፋል። ልጁ ዳር ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ቲክቶክ ይከፍታል።

መደበር ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን አስቀመጧቸው። ከፈለጉ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ የሚነዝሩበት ቁልፍ ነበር። ከ18 ወንዶች 12ቱ ተጫኑት! የሰመራ ቀትር ስንት 15 ደቂቃ እንዳለው እናንተ ቁጠሩ።

ብቸኝነትንም «የፈረንጅ በሽታ» እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ግን ብቸኝነት የሚሰማው ሰው በድሃ አገሮች 24 በመቶ ገደማ፣ በሀብታሞቹ 11 በመቶ ገደማ ነው።

ስልኩን ብቻ መዝጋትስ? ሞክረነዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። የሆነው ምንድነው? ሰው ቪፒኤን አወረደ።

የሚገርመው ደግሞ አፋር ውስጥ ዜና የሚለዋወጡበት ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ሥርዓት አለ፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላም ይባባላሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ። የሰማውን አዛብቶ ያወራ ሰው ይጠየቅበታል። ዳጉ የሚነግርህ ሰው አይንህን እያየ ነው፤ ደግሞም ያልቃል፣ ሁለቱም ተነስተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ፊድ ግን አያልቅም። እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማለቂያ የሌለውን ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ እንደቆጨው ተናግሯል።

ስልክን ጠላት ማድረግም አያዋጣም። በታህሳስ 2017 አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ቤቱን ፈርቶ ውጭ ሲያድር፣ «ደህና ናችሁ?» የሚለው ጥሪና መልእክት የገባው በዚሁ ስልክ ነው። ያኔ ስልኩ የዳጉን ሥራ ነው የሠራው (አሉባልታውም አብሮ መጥቷል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)።

ለማንኛውም፣ ሱስ የሚለውን ቃል በየቦታው ባንበትነው ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታ ዝርዝሩ ያስገባው የጌም ሱስን ነው፤ ኢንተርኔትን በጅምላ አላስገባም። መለኪያውም የሰዓት ብዛት አይደለም፦ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ከትምህርትና ከእንቅልፍ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየ ሲቀጥል ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ያለው፣ እኔ እንደማስበው ብዙው፣ የሚሄድበት ያጣ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከተማ አስተዳደሮቹ የሚሠሩት አለ። ቆላ ከተማ ሕይወቱ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። የወጣት ማዕከል፣ ቤተ መጻሕፍትና ኳስ ሜዳ በቢሮ ሰዓት ቢከፈቱ ለሰመራ ልጅ ምንም አይጠቅሙትም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መብራት በርቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተቀምጦ፣ በሩ ክፍት ይሁን።