የብረት ሙያ ለማጅነትና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

ዛሬ የገበሬው ሥራ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። በየመንደሩ የእህል ወፍጮ ይሽከረከራል፤ በወንዝ ዳር የውኃ ፓምፕ ይሠራል፤ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ ኮምባይነር ይዘዋወራል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፈቀዱና ከዚያም ወዲህ የበጋ መስኖ ስንዴ መስፋፋቱ በገጠሩ የሞተሩን ቁጥር አብዝቶታል። ይሁን እንጂ ማሽን በገባበት ቦታ ሁሉ ብልሽትም ተከትሎ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ወፍጮው ሲቆም እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር ይጓዛሉ። ስንዴው በሚያብብበት ሳምንት ፓምፑ ቢቆም የወራት ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል። ኮምባይነሩ በአጨዳ ሰሞን ተሰብሮ ከቆመና ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ጉዳቱን የሚናገረው ገበሬው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ማሽኑን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሞተር ሳይሆን አንድ የተበላ ሻፍት፣ አንድ የተሰበረ ማርሽ ወይም አንድ የላላ ፑሌጃ ነው። እነዚህን ከብረት ቆርጦና ልጦ የሚሠራው ባለሙያ ማነው? ከየትስ ይመጣል? በፋብሪካ ውስጥ የሚሰጠው የማሽን ሠራተኛ ለማጅነት የከተማ ወጣት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የማይኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሙያው ምን ይጠይቃል?

የማሽን ሠራተኛ ማለት ቶርኖ፣ ፍሬዛና ትራፓኖ በሚባሉት መሣሪያዎች ብረትን በልክ ቆርጦ የማሽን አካል የሚያወጣ ባለሙያ ነው። በቶርኖ ላይ ብረቱ ይሽከረከራል፤ ስለቱ ደግሞ ቀስ እያለ ይልጠዋል። በፍሬዛ ላይ የሚሽከረከረው ስለቱ ነው። ትራፓኖ ይበሳል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ልኩ ላይ ነው።

ለምሳሌ በአነስተኛ ሞተሮችና ፓምፖች ላይ በብዛት የሚገኘውን 6205 ቁጥር ኩሽኔታ እንውሰድ። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ኩሽኔታ ውስጥ የሚገባው ሻፍት 25 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። በአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ፣ ማለትም በአንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል ቢቀጥን፣ ኩሽኔታው በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል። በዚያው መጠን ቢወፍር ደግሞ አይገባም፤ በመዶሻ ተመትቶ ቢገባም ኩሽኔታው ይጎዳል። የተበላውን ሻፍት በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል በየቦታው የሚደረግ ሲሆን፣ ማሽኑ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ኩሽኔታ በተበላ ሻፍት ላይ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው።

ሥራው ስሌትም ይጠይቃል። ሃይ ስፒድ በሚባለው ስለት ተራ ብረት ሲላጥ ፍጥነቱ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል እንዲሆን ቢፈለግ፣ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በደቂቃ 265 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ውፍረቱ 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሩ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ያላሰበ ሠራተኛ ስለቱን ያቃጥላል። ለ12 ሚሊ ሜትር ተራ ብሎን ጥርስ የሚወጣበት ቀዳዳም 10.2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስለሆነም ለማጅ በሚመረጥበት ጊዜ ጉልበቱ ብቻ መታየት የለበትም፤ ክፍልፋይና አስርዮሽ የሚያውቅ፣ ታጋሽና ጥንቁቅ መሆኑ ይመዘን። ሴቶች ልጆች ለዚህ ሙያ ብቁ አይደሉም የሚለው አስተሳሰብም መሠረት የለውም። ከባዱን ብረት ማንሻ ያነሳዋል፤ ልኩን የሚጠብቀው ግን ዓይንና አእምሮ ነው።

በፋብሪካ ውስጥ የትምህርቱ ቅደም ተከተል

በደንብ የተመራ ለማጅ ወደ ማሽኑ ወዲያውኑ አይወጣም። በመጀመሪያ በሞርሳ ላይ የታሰረ ብረትን በመጋዝና በሞረድ ማስተካከል፣ ምልክት ማድረግ፣ በካሊፐርና በማይክሮሜትር መለካት ይለማመዳል። ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ የሥራ ንድፍ ማንበብ፣ በትራፓኖ መብሳት፣ ከዚያም በቶርኖ ቀጥ ያለና ሾጣጣ ሥራ መላጥ፣ ጥርስ ማውጣት ይመጣል። ማርሽ መቁረጥ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። በተለመደው መክፈያ መሣሪያ ላይ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ስለዚህ ባለ20 ጥርስ ማርሽ ለመቁረጥ በየጥርሱ እጀታውን ሁለት ጊዜ ማዞር ይበቃል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ አይደለም። የፋብሪካና የትምህርት ቤት ጣምራ ሥልጠና ሥር በሰደደባት በጀርመን አገር ይህን መሰል ሙያ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ተኩል ተመድቦለታል።

የጥንቃቄ ትምህርት ከሁሉ ይቀድማል። ከገጠር የሚሄድ ወጣት ጋቢና ነጠላ የለመደ ስለሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ያልታሰረ ረጅም ፀጉር፣ ቀለበትና የእጅ ጓንት ሳይቀር አደጋ ናቸው። ማሽኑ ጓንቱን ሲይዝ እጁንም አብሮ ይስባል። የሚላጠው ብረት ፍቅፋቂ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ በእጅ አይነካም፤ ዓይንም ያለ መነጽር አይጋለጥም።

ካለፈው ምን እንማራለን?

የብረት ሙያ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1930ዎቹ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሥራውን ጀመረ። በ1970ዎቹ መካከል ደግሞ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተተከለ። ከእነዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትራክተር መገጣጠም አንድ ነገር ነው፤ የተበላውን ክፍል በየአውራጃው ሠርቶ መተካት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ካልተሟላ የመጀመሪያው ለጊዜው ብቻ ይጠቅማል፤ ማሽኑም መለዋወጫ እየጠበቀ ሣር ይበቅልበታል።

በአሁኑ ጊዜ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በትብብር እንዲሰጥ የተዘረጋው አሠራር ከሥልጠናው 70 በመቶው በተግባር በድርጅቶች ውስጥ፣ 30 በመቶው በሥልጠና ተቋም እንዲሆን ያስባል። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል፤ በዚያው ዓመት «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ ተጀምሯል። አሠራሩ መልካም ነው። ፍሬው የሚለካው ግን ለማጁ በፋብሪካው ውስጥ በሚውልበት ሁኔታ ነው። ለማጁ ዕለቱን ሙሉ ፍቅፋቂ ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ ከዋለ፣ በወረቀት ላይ 70 በመቶ የተባለው ጊዜ ባዶ ይሆናል። ፋብሪካውም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት፤ ማሽኑን ለጀማሪ ሲለቅ ምርቱ ይቀንሳል፤ ብረትና ስለት ይበላሻል፤ ነባሩ ባለሙያም ከሥራው ላይ ጊዜ ይሠዋል። ስለዚህ ስምምነቱ የሁለቱንም ወገን ጥቅም የሚጠብቅ ሆኖ በጽሑፍ መደረግ አለበት።

ውሉና የወጣቱ መብት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቀጥሮ ማሠራትን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በሥራ ላይ መሰማራት የለበትም። ወላጅና የማኅበር መሪ ይህን ማወቅ አለባቸው፤ «ልምድ ይሁነው» በሚል ሰበብ የሌሊት ፈረቃ የሚሰጠው ልጅ መብቱ ተነክቷልና።

በውሉ ውስጥ ቢያንስ የሚከተሉት ጉዳዮች ተለይተው መጻፍ ይገባቸዋል። ሥልጠናው ስንት ወር ይፈጃል? በየትኞቹ ማሽኖች ላይ፣ በማን ኃላፊነት ይለማመዳል? የኪስ ገንዘብ፣ ምግብና ማደሪያ ከማን ነው? ጉዳት ቢደርስበት ማን ያሳክመዋል? በመጨረሻስ ምን ማስረጃ ይሰጠዋል? የብቃት ምዘና ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ወጣት ሙያው በእጁ ቢኖርም በሌላ ቦታ ለመቀጠር ይቸገራል።

ከሥልጠናው በኋላስ?

ብዙ የማኅበር መሪዎች የሚያነሱት ጥርጣሬ ተገቢ ነው። የሠለጠነው ልጅ ከተማ ቢቀር ገጠሩ ምን ተጠቀመ? ወጣቱን በግዴታ ማስመለስ አይቻልም፤ ቢቻልም አይጠቅምም። የሚመልሰው ሥራ ነው። ነገር ግን የአንድ ቀበሌ ብልሽት ብቻውን ቶርኖ ይዞ የሚሠራ ባለሙያን ዓመቱን ሙሉ አያስተዳድርም። ማሽኑ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ባለሦስት መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል። የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የአገሪቱ የኃይል ምንጭ ቢያድግም፣ ይህ መስመር በየመንደሩ ደርሷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ አዋጪው መንገድ ብዙ ማኅበራት በአንድነት ተባብረው፣ በተለይም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 በሚተዳደሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን አማካይነት፣ ኃይል ባለበት የወረዳ ከተማ አንድ የጥገና ቤት ማቋቋም ነው። የ20 ቀበሌ ወፍጮ፣ ፓምፕና ኮምባይነር ሥራ ሲሰበሰብ ለአንድ ቶርኖና ለሁለት ሦስት ባለሙያ እንጀራ ሊሆን ይችላል። ወጣቱም ወደ ሥልጠና ሲላክ የሚመለስበትን ቦታ አውቆ ይሄዳል።

ጉዳዩ ከጥገናም ያለፈ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ዋና ተግባራቸው መሬት ማደላደል ነበር። ዛሬ አስተዳደሩ በቀበሌ፣ አገልግሎቱ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተከፋፍሎ ይገኛል፤ በብዙ ቦታም የሚደለደል መሬት የለም። የአባቱ ማሳ ከወንድሞቹ ጋር ሲካፈል ጥማድ የማያውል የሚሆንበት ወጣት ቁጥር እየበዛ ነው። ለዚህ ወጣት ማኅበሩ ሊያካፍለው የሚችለው አንድ ትልቅ ነገር ሙያ ነው።

በመሆኑም መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው ሦስት ነገር ቢያከናውኑ ይመከራል። አንደኛ፣ በቀበሌው ያሉትን ወፍጮዎች፣ ፓምፖችና ሌሎች ማሽኖች ቆጥረው ባለፈው ዓመት ስንት ቀን እንደቆሙና በምን ምክንያት እንደቆሙ ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ መሬት ካላገኙት ወጣቶች መካከል ሂሳብ የሚያውቁና ጥንቁቅ የሆኑትን፣ ሴቶችንም ጨምረው፣ በግልጽ ይምረጡ፤ የዘመድ ልጅ እንዳይቀድም ምርጫው በስብሰባ ፊት ይሁን። ሦስተኛ፣ መዝገቡንና የስም ዝርዝሩን ይዘው ከጎረቤት ማኅበራት ጋር በመሆን ወደ ዩኒየኑ፣ ወደ ወረዳው የሥልጠና ተቋምና ወደ ፋብሪካው ይሂዱ። ባዶ እጁን ሄዶ «ልጆቻችንን አሠልጥኑልን» ከሚል መሪ ይልቅ፣ በወረዳው ውስጥ ስንት ሻፍትና ስንት ማርሽ በየዓመቱ እንደሚሰበር በቁጥር የሚያሳይ መሪ ይደመጣል። ፋብሪካው ደንበኛውን፣ ገበሬውም ባለሙያውን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።