ከጋራዥ በወጣ ማግስት የሚሞቅ ሞተር

አንድ መኪና ዘይቱና ፊልትሮው ተለውጦ፣ የራዲያተሩ ውኃ ታድሶ፣ መደበኛ ሰርቪሱን ጨርሶ ከጋራዥ በወጣ ማግስት የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ቢወጣ፣ ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ ቴርሞስታቱ ወልቆ ይጣላል፤ ሙቀቱ ካልተመለሰ የውኃ ፓምፑ ይለወጣል፤ በመጨረሻም «ቴስታታው ይውረድ» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ባለንብረቱ ለሦስቱም ይከፍላል። በሦስቱ መካከል ግን አንድም ምርመራ ተካሂዷል ለማለት አንደፍርም። በእኛ አስተያየት ማንኛውም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ትናንት ደህና የነበረው ሞተር ዛሬ የሞቀው በመካከሉ ምን ተነክቶ ነው የሚለው ነው።

እርግጥ አንድ ክስተት ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው ለኋለኛው መንስኤ ነው አይባልም። ያረጀ ራዲያተር በአጋጣሚ ከሰርቪስ በኋላ ሊደፈን ይችላል። ይሁን እንጂ በሰርቪስ ዕለት የተነኩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ጥቂቶቹን መመርመር ደግሞ ሞተር ከመፍታት እጅግ ይቀላል። ክዳኑ በሚገባ ተጠብቋልን? የማራገቢያው የኤሌክትሪክ መያያዣ ተመልሶ ተሰክቷልን? ከሁሉም በላይ፣ ውኃው ሲለወጥ በውስጥ አየር ቀርቷልን?

በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጥቂት እንቆይ። የሞተር ውኃ የሚጓዝባቸው መተላለፊያዎች ጠባብና ጠማማ ስለሆኑ፣ ውኃ በችኮላ ሲሞላ አየሩ መውጫ አጥቶ በከፍተኛው ሥፍራ ይታሰራል። እኩል መጠን ያላቸው ውኃና አየር በአንድ ዲግሪ እንዲሞቁ ቢደረግ ውኃው ከአየሩ ከ3,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሙቀት ይሸከማል። ስለዚህ አየር የተቀመጠበት የብረት ገላ ሙቀቱን የሚያስረክበው አጥቶ ይግላል። የውኃ ፓምፑም የሚገፋው ውኃን እንጂ አየርን ስላልሆነ ዝውውሩ ይዳከማል። ይባስ ብሎ የሙቀት መለኪያው ጫፍ በአየር ውስጥ ከዋለ መርፌው ዝቅ ብሎ ሳለ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍቶ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ወደ ሙቅ አዙሮ፣ ውኃውን በዝግታ መሙላት፤ ከዚያ ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አረፋው እስኪያባራ ድረስ ሞተሩን አስነስቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ጋራዦች የወጣውንና የገባውን ውኃ በሊትር ለክተው በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። 7 ሊትር ወጥቶ 5 ሊትር ብቻ ከገባ፣ የቀረው 2 ሊትር ሥፍራ ባዶ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። «ሰርቪስ ተደርጓል» የሚል ደረሰኝ ግን ለማንም መረጃ አይሆንም።

የአገራችን ከፍታም በነገሩ ውስጥ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ንጹሕ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የብዙ መኪናዎች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ ይሏል! የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ 0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት ከያዘ፣ ውኃው በአዲስ አበባ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህንን ሁሉ ያሳጣል፤ ሆኖም ክዳኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። የጋለ ሞተርን ክዳን በድንገት መክፈት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ ሲለቀቅ 105 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅን ይልጣል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልስ? ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ቢሆንም አንስማማበትም። በቴርሞስታት ውስጥ ያለው ሰም ሲቀልጥ ተስፋፍቶ መንገዱን ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋዋል። መሣሪያው ሲወገድ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ለማግኘት ይዘገያል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ያልቃልም። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላኛውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋ ስለነበር፣ እርሱ ሲጠፋ ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ እየተመለሰ ሙቀቱን ያባብሰዋል። አዲስ የገባ ቴርሞስታትም ቢሆን አቀማመጡ ይታይ፤ በብዙዎቹ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ አየር ማሳለፊያ ናትና ወደ ታች ከዞረች አየሩ ይታሰራል።

ሞተሩ የሚሞቅበት ሁኔታም ይናገራል። በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲከፈትለት ግን የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማራገቢያው ይሄዳል፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራልና። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን አቀበቱን ሲወጣ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩ መደፈን ወይም የውኃው ዝውውር ማነስ ይጠረጠራል፤ በዚያ መንገድ ሞተሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በዝግታ፣ ጭነት ተሸክሞ ይወጣል። ሞተሩ ግሎ ሳለ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ነፋስ ቢሰጥ ውኃው ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል ማለት ይቻላል።

ቴስታታው ይውረድ የሚለው ፍርድ ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አየሩ በሚገባ ከወጣ በኋላም አረፋው ካላቋረጠ፣ ውኃው በውጭ ሳይፈስ እየጎደለ ከሄደ፣ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ፣ የቃጠሎው ጋዝ በጋስኬቱ አልፎ ወደ ውኃው እየገባ ወይም ውኃው ከዘይቱ እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መካኒኩ መፍቻውን ቢያነሳ አንቃወምም።