የመጋጠሚያው ነገር

የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ኩሬ ይሆናል። ኮሚቴያችን ታዲያ በየዓመቱ ገንዘብ ያዋጣና ግድግዳውን ከውስጥ ቀለም ያስቀባል። ቀለም! ውሃው ከውጭ ይገፋል፣ እኛ ከውስጥ እናስውባለን።

ጎበዝ፣ ውሃው የሚገባው እኮ በግድግዳው መሐል አይደለም፤ ወለሉና ግድግዳው በሚጋጠሙበት መስመር ነው። ትናንት ተሞልቶ በደረቀ አርማታ ላይ ዛሬ ሌላ ቢደፉበት ሁለቱ እንዲሁ አይዋሃዱም። የደረቀው ፊት ተፈልፍሎ መሻከር፣ ተጠርጎ መታጠብ አለበት። ከዚያም ዋተር ስቶፕ የሚሉት የፕላስቲክ ጥብጣብ ግማሹ በታችኛው፣ ግማሹ በላይኛው ሙሌት ውስጥ ይቀበራል። ይህ የሚሠራው አርማታው ከመሞላቱ በፊት ነው፤ ከተሞላ በኋላ ማን ገልጦ ያያል?

(ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን በጣም የምቆጣው በዓረፍተ ነገር መጋጠሚያ ነበር። የላላ ዓረፍተ ነገር ግን የማንንም መኪና አያሰጥምም።)

ሕንፃውን ያሠራውን ሰው ባነጋግረው፣ «ጋሼ፣ ፕላኑ ላይ አለ እኮ!» አለኝ። ፕላኑ ላይማ አለ። ተቆጣጣሪውም «ተሠርቷል» ብሎ ፈርሟል። ምድር ቤቱ ውስጥ የሌለው ጥብጣቡ ብቻ ነው።

መጋጠሚያው ተበስቶ ውሃ የሚዘጋ ኬሚካል በግፊት ይወጋበት ቢባል አዋጣለሁ፤ ሒሳቡም ለፈረሙት ይላክ። ለቀለም ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም። ኮሚቴው ከፈለገ ይክሰሰኝ።