ሐረና ሳትገቡ ጫማችሁን እጠቡ

ክረምቱ እንደወጣ ወደ ባሌ ስንጓዝ ጎባ አደርን። ጠዋት ዕቃ ስንጭን፣ አብሮን የነበረው የሥነ ሕይወት ተማሪ የሁላችንንም ጫማ ሰብስቦ ቧንቧ ሥር ቁጭ ብሏል። ሶሉ ውስጥ የተሰነቀረውን ጭቃ በስንጥር ይፈለፍላል፣ በብሩሽ ይፈትጋል፣ በረኪና የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ይነክራል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደረድራል። ምን ነካህ ብለው «ለእንቁራሪቶቹ ብዬ ነው» አለኝ። ያን ዕለት አርፍደን ወጣን፤ መንገዱን ሙሉ ያወራነውም ይህንኑ ነበር።

እንቁራሪት ውኃ በአፏ አትጠጣም። በሆዷና በጭኗ ቆዳ ትመጥጣለች፤ ከምትተነፍሰውም ከፊሉ የሚገባው በቆዳዋ ነው። ካይትሪድ የሚባለው ፈንገስ የሚይዘው ታዲያ ይህንኑ ቆዳ ነው። ቆዳው ይወፍራል፣ ከደሟ ሶዲየምና ፖታሲየም ይጎድላል፣ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። የፈንገሱ ዘር ውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፣ ድርቀት ይገድለዋል። እርጥብ ጭቃ የያዘ ጫማ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ በሽታ ሳቢያ በመላው ዓለም ቢያንስ 501 ዝርያዎች እንደተመናመኑ፣ ከእነዚህም 90ው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስልቷል። እንቁራሪት ብትጠፋ ምን ይጎድላል ለሚል ሰው የኮስታ ሪካንና የፓናማን ነገር ልንገረው። እዚያ እንቁራሪቶቹ በብዛት ካለቁ በኋላ የወባ ሕመምተኛ መብዛቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አሳይተዋል። የወባን ነገር ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በሽታው እኛም ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታና በብዙ ዝርያ ላይ አግኝቶታል። ባሌ ሲባል ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ትዝ ይሉናል፤ ተገቢም ነው። ግን እዚያው ሣር ሥር የማልኮልም ጉርጥ አለች፤ እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿ እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ አትጥልም፣ እርጥብ መሬት ላይ ታኖራለች። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። የቅርብ ዘመዷ የኦስጉድ ጉርጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተፈልጎ አልተገኘም። ጥፋቱን ሁሉ በፈንገሱ ላይ አልጭንም፤ ደኑ እየተመነጠረ፣ ከብቱም ምንጩን እየረገጠ ነው። መኖሪያዋ የተናጋባት እንስሳ ላይ በሽታ ሲጨመር ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ማታ ሐረና ደን ውስጥ፣ ተማሪው ፈቃዱን ይዞ፣ ከምንጭ ዳር አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በጓንት አነሳ። ገልበጥ አድርጎ ሆዷንና የእግሯን ጣቶች በጥጥ ጠረገ፣ ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ከተተ፣ ካነሳበት ቦታ መልሶ አኖራት። ለሚቀጥለዋ ጓንቱን ቀየረ። ክብደት እንኳ ያላት አትመስልም፣ ግን እንደ ሕፃን ነበር የያዛት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደ ደኑ በሚያስገቡት በሮች ሁሉ ባልዲ፣ ብሩሽና በረኪና ይቀመጥ፤ እጣቢው ከወንዝ ርቆ ይደፋ። አስጎብኚዎችና ሾፌሮች እንግዳውን ጫማህን አውልቅ ለማለት አይፈሩ። እስከዚያው ብሩሹን እኛው ይዘን እንሂድ።