ቋሚ ቤት የምትሻ ቡችላ በጉደር



«ውሻ ነጃሳ ነው» የሚለው ቃል በየቤታችን ከልጅነት ጀምሮ የሚሰማ ነው። ብይኑ የራሱ ቦታ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ልጆች ድንጋይ ለመወርወር፣ አንዳንድ አባወራዎችም ቡችላ በከረጢት ቋጥረው መንገድ ዳር ለመጣል ምክንያት ሲያደርጉት እናያለን። በዚህ ወር ጉዳዩን እንድናነሳ ያደረገችን ጉደር ውስጥ ቋሚ ቤት የምትሻ አንዲት ቡችላ ናት።

ቡችላዋ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው አስፋልት ዳር ተጥላ የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋ ሦስት ወር ገደማ ነው። ጥፋቷ ሴት መሆኗ ነው። ወንዱን ቡችላ ጎረቤት ይሻማበታል፤ ሴቷን ግን «ነገ ትወልድብናለች» ብሎ የሚወስዳት ይጠፋል። ያነሳት ቤተሰብ የሚኖረው በኪራይ ቤት ስለሆነና አከራዩም ስላልፈቀደ ሊያቆያት የሚችለው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ጎዳና ነው። ጎዳና ላይ ደግሞ መኪና አለ፣ ጅብ አለ፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመፍጀት ከሥጋ ጋር ተለውሶ የሚጣል መርዝም አለ።

ለመሆኑ ሙስሊም ቤተሰብ ሊወስዳት ይችላልን? ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ጥበቃ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከሥራው ምንዳ በየዕለቱ እንደሚቀነስበት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። እንግዲያው ሶፋ ላይ አስተኝቶ ለማጫወቻ ማሳደግ የእኛ መንገድ አይደለም። ሆኖም በዚያው ሐዲስ ውስጥ ምን ያህል ሰፊ በር ክፍት እንደተተወ ልብ ይሏል። ኢማም አን-ነወዊን የመሰሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ቤት ለመጠበቅ ማሳደግንም ከእነዚህ ጋር አመሳስለው የፈቀዱ ሲሆን፣ ቡችላን ለዚሁ ተግባር ማሳደግም እንደሚቻል አስፍረዋል። በጉደር ዙሪያ ከብት የሚያረባ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ቤተሰብ ሞልቷል። ለእርሱ ምክንያት መፈለግ አያሻውም።

የነጃሳውም ጉዳይ መላ ያለው ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። የሻፊዒይ መዝሀብ በዚህ ጠበቅ ሲል የማሊኪይ መዝሀብ ሕያው ውሻ ንጹሕ ነው ይላል። መኝታዋ ከበር አጠገብ፣ ሳህኗም ለብቻ ከሆነ ከመስገጃችን ጋር ምን ያገናኛታል? በሱረቱል ከህፍ የተወሳው የዋሻው ሰዎች ውሻም ቢሆን ቦታው ደጃፍ ላይ ነበር።

ውሃ ጥም ላቃጠለው ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን የማያውቅ የመድረሳ ልጅ ያለ አይመስለንም። ታሪኩን አሳምሮ የሚተርከው ልጅ ግን በር ላይ ሲደርስ ድንጋይ ያነሳል። (ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነው ብለን አናምንም።)

በእውነት ሊያሰጋን የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ በውሻ አማካይነት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላት ትከተባለች፣ ክትባቱም በየጊዜው ይደገማል። ጉደር ላይ ያለው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ግቢ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት በመሆኑ ምክር የሚጠየቅ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ልጅዎን ውሻ ቢነክስብዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ለሥራሥርና ለቅጠል የሚባክን ቀን የለም።

ቡችላዋን የሚወስድ ቤተሰብ አጥር ያለው ግቢ፣ ከዝናብ የምትጠለልበት ጥግና በየዕለቱ ውሃና ትርፍራፊ የሚያቀርብላት ሰው ሊኖረው ይገባል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የሚያስር ባይመጣ እንመርጣለን። ቢቻል ከብት ያለው ቢሆን ደስ ይለናል፤ ገና ትንሽ ስለሆነች ከጥጆቹ ጋር ትላመዳለች። የውሻ ዋጋ መቀበል በሐዲስ የተከለከለ በመሆኑ የሚከፈል ነገር የለም።